ተጎታች ለሚጎትት ፒካፕ፦ 6ኤል80 ካምቢዮውን ላሳድስ ወይስ 6ኤል90 ላስገባ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አማክሩኝ። የምኖረው ዴንቨር ነው። ምግብ የምንሸጥበትን ተጎታች በፒካፕ እየጎተትን ወደ ተራራ ከተሞች እንወጣለን። ሞተሩ 5.3 ሊትር፣ ካምቢዮው ባለስድስት ማርሽ አውቶማቲክ 6ኤል80 ነው።

ባዶውን ሲሄድ ደህና ነው። ተጎታቹ ሲታሰር ግን ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሊቆልፍ ሲል መኪናው ኮረኮንች ላይ እንደወጣ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ይተወዋል። ዳገት ላይ የካምቢዮው ዘይት 240 ዲግሪ ፋራናይት ደርሷል። ዘይቱ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል።

አንድ መካኒክ ኮንቨርተሩን ብቻ ቀይር አለኝ። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ከኮንቨርተሩ የሚወጣው ብናኝ ነው። ዘይቱን የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ገብቶ ከሆነ አዲሱንም ይበላዋል።

ሌላው 6ኤል90 አስገባ ይለኛል። የማርሽ ሬሾው ያው ነው፤ 1ኛው 4.03፣ 6ኛው 0.67። ውስጡ ግን ለከባድ ጭነት የተሠራ ነው። ረዘም ስለሚል ድራይቭ ሻፍቱ (ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ) ማጠር አለበት። የካምቢዮው ኮምፒውተር ደግሞ እዚያው ውስጡ ስለሆነ ከሞተሩ ጋር እንዲግባባ ፕሮግራም መደረግ ይፈልጋል። ልቤ ወደዚህኛው ያደላል።

ይህን ቅያሪ የሠራችሁ፣ ያገለገለ 6ኤል90 ስገዛ ምኑን ልይ? ፕሮግራሙንስ ከመግጠም በፊት ነው ወይስ በኋላ ያሠራችሁት? የሰመር ሥራ ሊጀመር ነው፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚሁ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።