የእድገት ሆርሞን የልጄን ስኳር ከፍ አደረገው?

የ7 ዓመት ልጄ ፕራደር ዊሊ የሚባል አብሮት የተወለደ የዘረመል ችግር አለበት። ምንም ቢበላ አይጠግብም። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ማታ ማታ ጭኑን ቆንጠጥ አድርጌ የእድገት ሆርሞን መርፌውን እወጋዋለሁ፤ እሱ እስከ አስር ይቆጥራል። 8 ወር ሆነን። ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፍቶታል፣ ደረጃ ብቻውን ይወጣል። ግን በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሩ ከፍ ብሏል። ላቋርጠው እንዴ? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ (ነርስ ነኝ)፦ እህቴ፣ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ሆርሞኑ ጡንቻ ይገነባል፣ ስብ ያቀልጣል። የቀለጠው ስብ ደም ውስጥ ሲበዛ ግን ስኳርን ዝቅ የሚያደርገው ኢንሱሊን እንደልቡ አይሠራም፤ ስኳሩ ከፍ የሚለው በዚህ ነው። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ጠይቂ። ያንኮራፋል?

ሌላ ወላጅ፦ የኔዋ ልጅ ፕራደር ዊሊ የለባትም፣ ወፍራም ብቻ ናት። ሆርሞኑ ዝቅ ብሎባታል ተባልኩ። ይሰጣት?

ነርሷ፦ ውፍረት ራሱ ሆርሞኑን ዝቅ ያደርገዋል። ክብደት ስትቀንስ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተፈቀደው ለፕራደር ዊሊ ልጆች ነው እንጂ ለተራ ውፍረት አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ከሰሞኑ ያንኮራፋል። ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ነርሷ፦ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ ለነዚህ ልጆች አደገኛ ነው።

ጠያቂዋ፦ አሁን እየደወልኩ ነው።