ኡቡንቱ ላይ የፕሮሰሰር ሙቀት በምን ይታያል?

የኮምቦልቻው ኮፒ ቤት፦
ሰላም ጀመዓ። ኮምቦልቻ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ላፕቶፔ ኡቡንቱ ነው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሲስተም። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ፋኑ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ትናንት የአንዷን መመረቂያ ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ እየቀየርኩ ድርግም አለ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ! መብራት አልሄደም፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። ሙቀቱን በቁጥር ማየት እፈልጋለሁ።

ደሴ ነኝ፦
አብሽር ወንድሜ። «ኤልኤም ሴንሰርስ» የሚባለውን ፓኬጅ በአፕት፣ በኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ፣ ጫን። ቀጥሎ «ሴንሰርስ ዲቴክት»ን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ አስኪደው። ጥያቄ ያበዛል፤ ኢንተር እያልክ እለፈው። ከዚያ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ሴንሰርስ» ብለህ ጻፍ። ኢንቴል ከሆነ «ኮርቴምፕ» ሥር የየኮሩን ዲግሪ ታያለህ፤ ኤኤምዲ ከሆነ «ኬ10ቴምፕ» ይላል። ከፊቱ «ዎች» ብትጨምር በየ2 ሰከንዱ ራሱን ያድሳል። በቅንፍ «ክሪት» የሚለው የሙቀቱ ጣሪያ ነው፤ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ 100 ዲግሪ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ራሱም ሙቀቱን በፋይል ይጽፈዋል፣ «ሲስ» ማውጫ ውስጥ «ተርማል» የሚለው ሥር። 68000 ካለህ አትደንግጥ፣ 68 ዲግሪ ማለት ነው።

የኮምቦልቻው ኮፒ ቤት፦
አየሁት። ምንም ሳልከፍት 71። ፒዲኤፍ ስቀይር 97!

ደሴ ነኝ፦
በለው! በዚህ ሙቀት ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበረደለት ይጠፋል። ኮፒ ቤት ደግሞ የወረቀት ብናኝ አያጣም። አጥፍተህ ክፈተውና ፋኑን በጣትህ ይዘህ አቧራውን ንፋው። ካልወረደ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ቅባት፣ ፔስቱ፣ ደርቆ ይሆናል፤ አስቀይረው። ጨርቅ ላይም አታስቀምጠው፣ ከሥር ነው የሚተነፍሰው።