ከሚፈርሰው የቀበሌ አዳራሽ ለእድራችን ቤት ምን እንጠይቅ? የረቂቁ ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ለወረዳው ከመግባቱ በፊት አስተያየታችሁን ጻፉልኝ። ጥያቄያችን ቱሉ ዲምቱ የሚፈርሰው አዳራሽ ዕቃ ለእድር ቤታችን እንዲሰጠን ነው። ንብረቱ የመንግሥት ስለሆነ የርክክብ ደብዳቤና የዕቃ ዝርዝር ሳይኖር አንድ ቆርቆሮ እንኳ አናነሳም።

ግንበኛው፦ ከዝርዝሩ በፊት ቀኑ ይጻፍ። ኤክስካቫተር ቀድሞ ከገባ የሚደርሰን ፍርስራሽ ብቻ ነው። «ማሽን ከመግባቱ በፊት 10 የሥራ ቀን» ይባል። መብራትና ውሃ ይቆረጣል፣ በርና መስኮት ከነፍሬማቸው ይወጣሉ፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ሞራሌ (የጣሪያው እንጨት)፣ በመጨረሻ ግድግዳ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታች። ግድግዳ ገፍቶ መጣል በፍጹም የለም፤ ሰው ይገድላል፣ ብሎኬቱም አይተርፍም።
የቆርቆሮ ሚስማር ከሥሩ ጣውላ አስደግፎ በጉጠት ይነቀል። ከጎን በመዶሻ ከተመታ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ክረምት ላይ ያፈሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ረቂቁ ላይ «750 ብሎኬት ከአዳራሹ» ይላል። ከየት መጣ?

ግንበኛው፦ ግድግዳችን 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ለአንዱ ካሬ 12.5 ብሎኬት ይገባል። ግን ያ የሚያስፈልገን እንጂ የምናገኘው አይደለም፣ እህቴ። ማያያዣው ሲሚንቶ ከብሎኬቱ ከጠነከረ ሲላቀቅ የሚሰበረው ብሎኬቱ ነው። 1 ካሬ ሜትር ለሙከራ እናፍርስና ስንት ሙሉ እንደወጣ ቆጥረን እንጻፍ።

ኢንጂነሯ፦ እስማማለሁ። ፌሮውን (የአርማታውን ብረት) በተመለከተ ግን ረቂቁ ይስተካከል። ታጥፎ የተቃና ፌሮ ለኮለንና ለቢም (ለምሰሶና ለአግዳሚ ተሸካሚ) አይግባ፤ ሲታጠፍ ብረቱ ግትር ይሆናል፣ ሲቃና ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚሸጠውም ለቆራሌው በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሁን። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን ሚዛኑን በዚያ ማመሳከር ይቻላል።
የአርማታው ስብርባሪ ለወለል ሥር ሙሌት ይጠቅመናል። መሬታችን መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አፈር ሳይወጣ ሙሌት ቢደፋበት ወለሉ ይነሳል። ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ ያልሆነ ስብርባሪ በየ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ ይግባ፤ ጂፕሰምና እንጨት አይቀላቀሉበት።
አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ግራጫ፣ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ክዳን ካለ ከዝርዝሩ ይውጣ። የድሮ ክዳን ከሆነ አስቤስቶስ የሚባል ጭረታማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ በመጋዝ ከተቆረጠ ወይም ከተሰበረ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ባለሙያ ሳያየው ማንም አይንካው።

ገንዘብ ያዥ፦ የስብርባሪው ጭነት በምልልስ ከሚከፈል በሜትር ኩብ ይሁን፤ መኪናው ሳይሞላ ቢመጣም ምልልስ ተብሎ ይቆጠራልና። ሲሚንቶ ከብሎኬት የሚፈቀፍቅ የቀን ሠራተኛም በጀት ውስጥ የለም፤ እጨምራለሁ።

ጸሐፊ፦ ለሙከራ ግድግዳውም የወረዳው ፈቃድ ያስፈልጋል። ለብቻው ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፤ የብሎኬቱ ቁጥር እስኪመጣ ባዶ ይቆያል።