ከልጆችና ከእማዬ ጋር አንድ ቀን ለመዋል መሃል ከተማ የት ይሻላል?

የሳሪሷ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቹ የሴሚስተር ዕረፍት ደርሷል፣ እናቴም ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነች። እኔና ባለቤቴ ፈቃድ ወስደን አንድ ቀን ሁሉንም ይዘን ልንወጣ አስበናል። ችግሩ የሁሉም ፍላጎት ለየቅል ነው። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ መሮጫና ሸርተቴ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። የመሃሏ 8 ዓመቷ ነው፣ አንበሳ ካላየሁ ብላ ሰላም ነስታናለች። ትልቁ 13 ሞልቶታል፣ ጓደኞቹ እንጦጦ ዚፕላይን ላይ የተነሱትን ፎቶ እያሳየ "እኛስ መቼ ነው?" ይለኛል። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃና ዳገት ይከብዳታል፣ ግን የመጣችው ከልጅ ልጆቿ ጋር ልትውል ስለሆነ አንቺ ቤት ጠብቂ ልላት አልችልም፣ አልፈልግምም።

ባለቤቴ ያወጣው ዕቅድ እንዲህ ነው፦ ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ከዚያ ሳይንስ ሙዚየም፣ ምሳ ፒያሳ፣ ከሰዓት የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ማታ ወዳጅነት ፓርክ ገብተን የሚደንሰውን ፏፏቴ ማየት። ሁሉም መሃል ከተማ ስለሆነ ይደርሳል ይላል። እኔ ልጆቼን ስለማውቃቸው ፈራሁ። መኪና የለንም። የሄዳችሁበት ካላችሁ በእውነት ንገሩኝ፣ ምኑ ይቀነስ? ቀኑስ የትኛው ይሻላል?

የአራት ኪሎ ልጅ፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ቦታዎቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። ግን በየበሩ ፍተሻ አለ፣ ትኬት አለ፣ "ሽንቴ መጣ" አለ፣ "ውሃ ጠማኝ" አለ። ስድስት ሰው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ሰዓቱ እንደ ቀልድ ይሄዳል።

እኔ ብሆን አንድነት ፓርክን ይዤ ሌላውን እተዋለሁ። ለእናንተ ቤተሰብ ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው። ፓርኩ ያለው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት ብዙ ሰው የመጣው ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ ለማየት ነበር፣ ምክንያቱም ከአጥሩ ውጭ ሆነን ያደግን ሰዎች ግቢውን በስም ብቻ ነበር የምናውቀው። ለእናትሽ ምኒልክ ግብር ያበሉበት አዳራሽና ዙፋን ቤቱ አለላቸው። እንቁላል ቤቱንም፣ ምኒልክ ይጸልዩበት የነበረውን ማማ፣ አሳዪአቸው። እመኚኝ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እዚያ አዳራሽ ሲገቡ ከአስጎብኚው በላይ የሚያወሩት እነሱ ናቸው፤ ከአያት የሰሙት ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣላቸዋል። ልጆቹ ያን ሲሰሙ መዋላቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለ8 ዓመቷ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳ አለላት። ትንሹ ሣሩ ላይ ይሮጣል።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ያለውም ኮረብታ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አዳራሾቹን አዩ፣ እናትሽ ገና ሳይደክሙ። ከዚያ እሳቸው ጥላ ሥር ከአንዳችሁ ጋር ይቀመጡ፣ ሌላችሁ ልጆቹን ወደ አንበሶቹ ይዛችሁ ሂዱ። ሁላችሁም አንድ ላይ እየተንቀሳቀሳችሁ ሁሉንም ካላየን ካላችሁ ግን እናትሽ ይጎዳሉ። መታወቂያ አትርሱ። የመግቢያ ሰዓቱንና ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ፣ የመንግሥት ጉባኤ ወይም እንግዳ ባለበት ሰሞን በዚያ አካባቢ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ሲስተር፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ እናትሽና ስለ ትንሹ ነው፣ ቀኑን የሚወስኑት ሁለቱ ስለሆኑ።

ቅዳሜና እሁድ ተዉት፣ ሰው ይበዛል። ረቡዕና ዓርብንም ተዉ። እናትሽ የሚፆሙ ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፣ በዚያ ፀሐይ ባዶ ሆድ መዞር ደግሞ ለጉልበትም ለራስም ጥሩ አይደለም። "ግድ የለም፣ እኔ ደህና ነኝ" ይሉሻል፣ እናቶቻችን እንደሱ ናቸው፣ አትመኛቸው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ከገባችሁ 6 ሰዓት ላይ ዋናውን አይታችሁ ትጨርሳላችሁ።

የዚህ ወር ፀሐይ ያታልላል። ጠዋት በጋቢ የወጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ይቃጠላል፣ ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ እያለም ፀሐዩ ይገርፋል። ለልጆቹ ኮፍያ፣ ለእናትሽ ዣንጥላ ያዢ። ዣንጥላው ሲዘጋ እንደ ምርኩዝም ያገለግላል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ሰዓቱን አስቢ። ለትንሹ ቅያሪ ልብስ። የስልክ ቁጥርሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ኪሱ ውስጥ ክተቺ፣ ይሄን በጣም አደራ እላለሁ፣ የ4 ዓመት ልጅ ስሙን ይናገራል እንጂ ቁጥር አይናገርም።

የሳሪሷ እናት፦

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ፆሙ አላሰብኩም ነበር፣ እማዬ ረቡዕና ዓርብ አጥብቃ ነው የምትፆመው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከሳሪስ በባቡር እንሂድ ወይስ በራይድ? ትልቁንስ ምን ላድርገው? አንድነት ፓርክ ብቻ ነው ስለው ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር ከአሁኑ ይታየኛል።

የታዳጊዎች መምህር፦

ስለ ልጅሽ ልናገር፣ ከእሱ እኩዮች ጋር ስለምውል። 13 ዓመት ላይ ያለ ልጅ ከአያቱና ከታናናሾቹ ጋር ቀስ ብሎ መዞር ይከብደዋል፣ ግን ኃላፊነት ስጪውና ሌላ ሰው ይሆናል። የመግቢያውን ዋጋና ሰዓት እሱ ያጣራ። ክፍያውን በቴሌብር ከአባቱ ጋር ሆኖ ይጨርስ። ስልክ ሰጥታችሁት አያቱ ስለ ምኒልክ የሚናገሩትን ድምፅና ምስል ይቅረጽ። እውነቴን ነው፣ ከጊዜ በኋላ ቤታችሁ ውስጥ ከዚያ ቀን ሁሉ የሚፈለገው ያ ቅጂ ነው።

እንጦጦን ግን ከዚህ ቀን ጋር አትቀላቅሉ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለ፣ ነፋሱ ብርድ ነው፣ ለእናትሽም ለትንሹም አይሆንም። ዚፕላይኑም የዕድሜና የክብደት ገደብ ካለው ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሌላ ቅዳሜ አባትና ልጅ ብቻቸውን ይሂዱ። ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩት፣ "አንድ ቀን እንሄዳለን" የሚባለውን ልጆች አያምኑም፣ ልክም ናቸው።

በአንድ ነገር ግን ከአራት ኪሎ ልጅ ጋር አልስማማም። ሌላውን ሁሉ ተዪ ማለት ይከብዳል። ሳይንስ ሙዚየም እኮ ወዳጅነት ፓርክ አጠገብ ነው፣ በ2015 መስከረም የተከፈተ፣ ለ13 ዓመት ልጅ ከአንበሳው ይልቅ እሱ ነው የሚጥመው። ከሰዓት እናትሽና ትንሹ ወዳጅነት ፓርክ ውሃው ዳር ሲያርፉ አባትየው ትልቁን ይዞ ቢገባ ምን ይጎዳል? ተከፍሎ መዋል ነውር አይደለም። የዓድዋውን ግን አቆዩት። የካቲት 23 ሊደርስ ነው፣ ያኔ ስለ 1888ቱ ጦርነት ትምህርት ቤትም ስለሚወራ ልጆቹ ሞቅ ብለው ነው የሚያዩት። ደግሞ ያን የሚያህል ነገር የደከመ ልጅ እየጎተቱ አይታይም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

መምህር ያልከው ገባኝ፣ ከሰዓት ሁለት ቦታ ተከፍሎ መዋሉን እቀበላለሁ። ብቻ ትንሹ ተኝቶ ከሆነ አትቀስቅሱት፣ ያኔ ሳይንስ ሙዚየሙ ይቅር።

መጓጓዣውን በተመለከተ፣ ባቡሩ በሳሪስ ያልፋል፣ እስከ ስታዲየም ያመጣችኋል፣ ርካሽም ነው። ግን ጠዋት ግፊያ አለ፣ ደረጃም አለ። ለእናትሽ ስል አልመክርም። ስድስት ሆናችሁ ደግሞ አንድ ቪትዝ አይበቃችሁም። ከሰፈራችሁ የምታውቁት የሚኒባስ ሾፌር ካለ ማድረሻና መመለሻ ተነጋገሩ፣ ሁለት ራይድ ከመጥራት አይከፋም። መመለሻችሁ ከ10 ሰዓት ባያልፍ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ በኋላ የሥራ መውጫ ይጀምርና የሳሪስ መንገድ ይጨናነቃል። የሚደንሰው ፏፏቴ በመብራት የሚያምረው ማታ ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን አድርጉት።

ስለ ምሳ። ፒያሳም ካዛንቺስም ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ብዙ ተለውጠዋል፣ ድሮ የምታውቂውን ምሳ ቤት አስበሽ ብትሄጂ ላታገኚው ትችያለሽ። ስድስት ሰው ርቦት ምግብ ቤት ፍለጋ መዞር የለበትም። ፓርኩ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅድ እንደሆነ ትልቁ ልጅ ያጣራ። ከፈቀዱ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎና ውሃ ይበቃል። ካልፈቀዱ ጠዋት ጥሩ ቁርስ አብያቸውና እዚያው አካባቢ ቀለል ያለ ነገር ብሉ፣ ማታ ቤት የሚጠብቃችሁ ወጥ ይኑር።

ሲስተር፦

ትንሽ ልጨምር። እናትሽ የሚቀመጡበትን ቦታ ልጆቹ ከመሮጣቸው በፊት ለሁሉም አሳዪአቸው፣ "ከጠፋችሁ አያት ጋ" በሉ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሲደናገሩ መመለሻቸውን ያውቃሉ፣ እሳቸውም ቤት ጠባቂ ሳይሆን የሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናሉ።

የሳሪሷ እናት፦

አምላክ ያክብራችሁ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ መጀመሪያ ስለ ፒያሳው ትንሽ ተከራከረ፣ ስለ ሥራ መውጫው ሰዓት ሲሰማ ግን ተስማማ። ሐሙስ ብለናል። ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ከሰዓት ወዳጅነት ፓርክ፣ ትንሹ ካልተኛ እነሱ ሙዚየሙን ያያሉ። እንጦጦ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ ተቀጥሯል፣ ልጁ ቀኑን ራሱ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈ። የጎረቤታችን ልጅ ሚኒባስ ይነዳል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሊያነሳን ተስማምተናል። አሁን የቀረኝ ለእማዬ የሚሆን ሰፋ ያለ ዣንጥላ ነው፣ የኔው ትንሽ ናት።