ቲክቶክ ላይ ተመልካች አለን፣ ሥራ ግን የለም (ሜሪላንድ)

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከወንድሜ ጋር ቤዝመንት እናድሳለን፤ ሴራሚክ እንገጥማለን፣ ቀለም እንቀባለን። እስካሁን የኖርነው በቤተክርስቲያንና በዕድር በሚያውቁን ሰዎች ነው። ከገና ወዲህ ግን ስልኩ ጭጭ ብሏል። ሴራሚክ ስንቆርጥ እየቀረጽን ቲክቶክ ላይ እንለቃለን። «ጎበዞች!» የሚለን ሞልቷል፣ የሚደውል የለም። ምን ይሻለናል?

መልስ፣ ሃያትስቪል፦
ወንድሜ፣ ስንት ሰው አየው የሚለውን ተወውና የት ያለ ሰው አየው በል። ቦሌ የተቀመጠ ልጅ ልብ ቢሰጥህ ሻወር አያሠራህም። እኔም አንድ ዓመት እንዲሁ ደክሜያለሁ። ሥራ ያመጣልኝ የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነው፤ ሰው ጎግል ላይ ባለሙያ ሲፈልግ ስምህና ስልክህ የሚወጣበት ገጽ ማለት ነው፤ መክፈቱ በነፃ ነው። ሱቅ ከሌለህ የቤትህን አድራሻ ደብቀህ የምትሠራባቸውን ከተሞች ብቻ ታስገባለህ። ሪቪው (የደንበኛ አስተያየት) የምትጠይቀው ሥራውን ባስረከብክበት ቀን ነው፤ ደንበኛህ አዲሱን ሻወሯን እያየች ፈገግ ስትል ሊንኩን በቴክስት ላክላት። ሳምንት ካለፈ ረስታዋለች። ኔክስትዶር (የአንድ ሰፈር ሰዎች የሚጻጻፉበት አፕ) ላይ ደግሞ ራስህን አታሞግስ፤ አንዱ «ሴራሚክ የሚሠራ ታውቃላችሁ?» ሲል ያው ደንበኛህ ስምህን ትጥራልህ።

ያለቀ ሻወር ፎቶ ሁሉም ጋ አለ። እኔን ያስደወለልኝ ከሴራሚኩ በፊት ያለው ነው፦ የውኃ መከላከያው ሲቀባ፣ ወለሉ ወደ ፍሳሹ ማዘንበሉ በውኃ ልክ ሲታይ። የቤቱን ባለቤት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ከሥር የሚሰርገው ውኃ ነዋ። ሰፈሩንና ስንት ቀን እንደፈጀ ጻፍበት። አስፈቅደህ ቅረጽ፤ የቤት ቁጥርና የልጆች ፊት እንዳይገባ።

መልስ፣ ቦዊ፦
ፈቃዱን አትርሱ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት ሥራ የኤምኤችአይሲ (የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን) ላይሰንስ ይፈልጋል፤ ቁጥሩም ማስታወቂያችሁ ላይ መኖር አለበት። ቀብድም ከውሉ ዋጋ ሲሶ አይበልጥም፤ «ግማሹን ቅድሚያ» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ ቀለሙ ሊድ (መርዛማ እርሳስ) ሊኖረው ይችላል፤ እሱን ለመንካት የኢፒኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። አቧራ እያቦነናችሁ አሮጌ ግድግዳ ስትፍቁ የሚያሳይ ቪዲዮ በራሳችሁ ላይ መመስከር ነው።

ጠያቂ፦
ላይሰንሱ አለን፣ ቁጥሩን ግን የትም አልጻፍነውም። ለጅማሬ ዘመዶቻችን ሪቪው ቢጽፉልንስ?

መልስ፣ ሃያትስቪል፦
ኧረ ተው! ያልሠራህለት ሰው አይጻፍልህ። ጎግልም ያጠፋዋል፤ በዚያ ላይ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ከ2024 ጀምሮ የውሸት ሪቪውን የሚከለክል ደንብ አለው። ካሁን ቀደም የሠራህላቸውን አንድ በአንድ ደውልላቸው።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ አሠሪ ነኝ። ኩሽናዬን ላሠራ ፌስቡክ ላይ ለሦስት ሐበሾች ጻፍኩ። አንዱ በአራተኛው ቀን «ሃይ» አለኝ። ሌላው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ በውስጥ መስመር ጠፋ። ሦስተኛው መልእክቴን አላየውም። ሥራውን የወሰደው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶ «ስፋቱን ለኩና ፎቶ ላኩልኝ፣ ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ» ያለኝ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። ዋጋው እንኳ ርካሽ አልነበረም።

ጠያቂ፦
እህቴ፣ እውነትሽን ነው። አሁን ኢንቦክሳችንን ከፈትኩት፤ አስራ አንድ ያልተነበበ መልእክት አለ። ሁለቱ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ አንዱ እዚሁ አጠገባችን ካለው ከዊተን ነው።