ኤምአርኤንኤው አለ፣ ፕሮቲኑ ግን የለም፤ ቁጥጥሩ የቱ ላይ ነው?

ተማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባክቴሪያዎቹ ኦፔሮን (አብረው የሚበሩና የሚጠፉ የጂኖች ስብስብ) በደንብ ገብቶኛል። ባለ አስኳል ሕዋሳት ላይ ስደርስ ግን የጂን ቁጥጥር ደረጃዎቹን በቃሌ ከመያዝ አላለፍኩም። ትናንት እንዲህ የሚል ጥያቄ ገጠመኝ፦ «የአንድ ጂን ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) በሕዋሱ ውስጥ በብዛት ተገኝቷል፤ ፕሮቲኑ ግን የለም። ቁጥጥሩ የተደረገው የት ነው?» «ፕሮሞተሩ (ጂኑን መቅዳት የሚጀመርበት የዲኤንኤ ክፍል) ተዘግቶ ነው» ብዬ መለስኩና ስህተት ነው ተባልኩ። እባካችሁ አስረዱኝ።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልጄ፣ ፕሮሞተሩ ቢዘጋ ኤምአርኤንኤው ከየት ይመጣል? በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። በሂስቶን ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው አስኳሉ ውስጥ የሚገባው፤ በአንዱ ጥምጥም ላይ ወደ 147 ጥንድ ቤዞች ያርፋሉ። ሂስቶኖቹ ላይ አሴቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ሲለጠፍ ጥምጥሙ ይላላል፤ ከዚያ ቅጂን የሚያስጀምሩ ፕሮቲኖች ፕሮሞተሩንና አንዳንዴ እጅግ ርቆ የሚገኘውን ኢንሃንሰር (ቅጂውን የሚያጠናክር የዲኤንኤ ክፍል) ይይዛሉ። የጉበት ሕዋስ አልቡሚን እያመረተ የነርቭ ሕዋስ የማያመርተው ጂኑ ስለጎደለው አይደለም፤ ልዩነቱ በዋናነት እዚህ የቅጂ ደረጃ ላይ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግን ይህን አልፎ ሄዷል።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ ፌሪቲንን ተመልከቺ። ብረትን በውስጡ የሚያከማች ፕሮቲን ነው። በኤምአርኤንኤው መነሻ አካባቢ እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈ ቁራጭ አለ። ሕዋሱ ብረት ሲያጥረው አንድ ፕሮቲን እዚያ እጥፋት ላይ ይቀመጥና ራይቦዞሙ (ኤምአርኤንኤውን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው አካል) ሥራውን እንዳይጀምር ያግደዋል። ብረት ሲገኝ ያ ፕሮቲን ይለቅና ምርቱ ይጀመራል። ኤምአርኤንኤው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ሕዋሱ ጊዜ አያባክንም። እንዴት የሚያምር አሠራር ነው!

ሌላ አባል፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮሞተሩ አሁን ተዘግቶ ቀድሞ የተሠራ ኤምአርኤንኤ ሊኖር ይችላል። የእንቁላል ሕዋስ ብዙ ኤምአርኤንኤ አከማችቶ ያቆያል፤ ከፊሉ የሚተረጎመው፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበት፣ ከፅንሰት በኋላ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ትክክል ነው፤ አመሰግናለሁ። እንደዚያም ሆኖ ፕሮቲኑን ያስቀረው የፕሮሞተሩ መዘጋት አይደለም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ፕሮቲኑ ተመርቶ ወዲያው ቢጠፋስ? በምን እለየዋለሁ?

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ ይህ ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ነው። ፒ53 የተባለው ፕሮቲን በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ያለማቋረጥ ይመረታል፤ ነገር ግን ዩቢኩዊቲን የተባለ ምልክት ይለጠፍበትና ፕሮቲዮዞም የተባለው የሕዋሱ ፕሮቲን ሰባሪ ይሰባብረዋል። ዲኤንኤ ሲጎዳ መሰባበሩ ይቀንስና መጠኑ ቶሎ ከፍ ይላል። ለመለየት ፕሮቲዮዞሙን በመድኃኒት አግደሽ ፕሮቲኑን እንደገና ለኪ። ብቅ ካለ እየተመረተ ይሰባበር ነበር ማለት ነው። ካልታየ ወደ ትርጉም ደረጃው ተመለሺ። ከዚያ በፊት ግን ኤምአርኤንኤው ከአስኳል መውጣቱን አረጋግጪ፤ ሕዋሱን በሙሉ ፈጭተሽ ከለካሽ አስኳል ውስጥ የቀረውም አብሮ ይቆጠራል። እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቼ ሳምንታት አባክኛለሁ።

ተማሪዋ፦ መልሴን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ቁጥጥሩ ከቅጂ በኋላ ነው፤ ኤምአርኤንኤው ከአስኳል አልወጣም፣ ትርጉሙ ታግዷል፣ ወይም ፕሮቲኑ ተመርቶ ይሰባበራል።»

የባዮሎጂ መምህር፦ ጎበዝ። ሦስቱን የሚለየውን ሙከራም አብረሽ ጻፊ።