ጎጃም ተወልዶ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጥናት ያዋጣል ወይ?

የቢቸናዋ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባሕር ዳር ጂኦሎጂ እየተማርኩ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። አምስት ሰዓት አልፎ ተኝተን ሳለ አልጋው ይወዛወዝ ጀመር። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው ሻንጣ ዱብ አለ። አክስቴ «እግዚኦ! እግዚኦ!» እያለች ልጆቿን ይዛ ወደ ደረጃው ስትሮጥ፣ እኔ በሩ ሥር ቆሜ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ እቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቤ ሌላ ነገር አላይ ብሏል። ፎልትን፣ ማለትም መሬቱ ተሰብሮ የሚንሸራተትበትን ስንጥቅ፣ እና የመሬት መንቀጥቀጥን ማጥናት እፈልጋለሁ።

የሚያስተምሩኝ አጎቴ ግን «ጎጃም መሬቱ አይንቀጠቀጥ፤ ምን ሠርተሽ ልትበዪ ነው? ወርቅ ወይም ውኃ አጥኚ» ይሉኛል። ንግግራቸው ውኃ የሚያነሳ ይሁን አይሁን መለየት አቅቶኛል። በሙያው ያላችሁ ንገሩኝ። ሥራው ዕለት ዕለት ምን ይመስላል? ለሴት መስኩ ይከብዳል የሚሉትስ? እዚሁ ሳለሁስ የምጀምረው ነገር ይኖራል?

መሐንዲስ ከማርቆስ፦

እታለም፣ አጎትሽ ስለ ውኃው አልተሳሳቱም፤ ውኃ ላይ ሥራ አለ። እኔ ግን ሕንፃ የምነድፍ ነኝና በኔ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ፎቅ ስንነድፍ መሬቱ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ከሕንፃ ደንቡ እንወስዳለን። ማርቆስ ላይ ዝቅ ያለ ነው፤ አዳማና ሐዋሳ ላይ ከፍ ይላል። ያንን ቁጥር ፎልት ያጠኑና መንቀጥቀጥ የመዘገቡ ሰዎች ናቸው የሚሰጡን። አሠሪው «ብረቱን ቀንስልኝ» ብሎ ሲጨቀጭቀኝ የምከራከረው በዚያ ቁጥር ነው። ጥናቱ ደካማ ከሆነ የኔም ክርክር ደካማ ነው።

የደጀን ልጅ፦

የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደጀን ነው። የሥራ ዘመኔ ያለቀው ደግሞ ስምጥ ሸለቆና አፋር ላይ ነው። የአጎትሽን ጥያቄ የኔም አባት ጠይቀውኛል፤ ነፍስ ይማር።

አጎትሽ ልክ የሆኑበት ነገር አለ። ጎጃም ከስምጥ ሸለቆው ጋር ሲተያይ ጸጥ ያለ አገር ነው። መሬቱ የሚሰነጠቀው ከኛ በስተምሥራቅ ነው። እዚያ ሁለቱ ወገን በዓመት አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ትንሽ ይመስላል። ግን ድንጋዩ ያንን ለብዙ ዘመን ችሎ ችሎ አንድ ቀን ሲለቅ ከተማ ይፈርሳል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ የፈረሰችውና ካራቆሬ የተጎዳችው እንዲሁ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ላይ ሰርዶ ወደመች፤ ሰውም አለቀ። ማጀቴ ሰሜን ሸዋ ናት፤ ዓባይን ከተሻገርሽ ሩቅ አገር አይደለችም።

ጎጃም ብዙ የማይንቀጠቀጥ ስለሆነ ጂኦሎጂስቱ እዚያ አይማርም ማለት ግን አይደለም። እኔ ፎልት ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ፎልት ባልሆነ ቦታ ነው፤ ዓባይ በረሃ። ልጆች ሳለን «ምድር ተሰንጥቃ ነው» ይሉን ነበር። አንድ ቀን ከደጀን ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ላይ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩ፣ ከሥሩ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ድልድዩን ተሻግረሽ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጪ እነዚያው ንብርብሮች በተገላቢጦሽ፣ ከሞላ ጎደል በዚያው ከፍታ ይጠብቁሻል። ሸለቆው የፎልት ሥራ ቢሆን ኖሮ አንዱ ወገን ወርዶ፣ ኖራው ከባዛልት ጋር ጎን ለጎን ተገትሮ ታገኝው ነበር። ስለዚህ አገሩ ከፍ ሲል ወንዙ እየቆረጠ የሠራው ሸለቆ ነው። ይህን በእግሩ ወርዶ ያየ ተማሪ ስምጥ ሸለቆ ሲሄድ ዓይኑ አይታለልም።

ጣናም ቢሆን ዝም ብሎ የተኛ ውኃ አይደለም። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከድንገል በር በኩል የሚመጡ ሦስት በፎልት የወረዱ ጎድጓዶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ዘንገና ሐይቅን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው። ጢስ ዓባይ የሚወርድበት ጥቁር ድንጋይም በኛ አቆጣጠር ገና የትናንት ላቫ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙውን ጊዜ እግር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የሳተላይት ምስል ላይ የተሰበረ መሬት ትፈልጊያለሽ፤ ከዚያ ሄደሽ በዓይንሽ ታረጋግጫለሽ። እኔ አብልጬ የምወደው ቁፋሮውን ነው። ፎልቱ የሠራውን ገደል አቋርጠን ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ቦይ እንቆፍራለን። ግድግዳውን በግንበኛ ማንኪያ ፍቀን እናጠራዋለን፤ በምስማርና በሲባጎ አንድ አንድ ሜትር ካሬ እንከፍለዋለን። ከዚያ ወረቀት ይዘሽ እያንዳንዱን የአፈር መስመር መሳል ነው። አንድ ቀይ አፈር ቀጥ ብሎ ሲመጣ ይቆይና ድንገት ተቆርጦ ከጉልበትሽ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። እዚያ ላይ መሬቱ በአንድ ጊዜ ወርዷል ማለት ነው። ከቁራጩ ሥር ተንዶ የተከመረ ልቅ አፈር አለ። በዚያ አፈር ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ከሰል ካገኘሽ ቀንሽ ሠመረ። በወረንጦ አንስተሽ በአሉሚኒየም ወረቀት ትጠቀልያታለሽ። ላቦራቶሪ በካርቦን 14 ዕድሜዋን ይነግርሻል፤ የመንቀጥቀጡም ዘመን ከዚያ ይገመታል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቁራጭ ከተገኘ ፎልቱ በስንት ዘመን አንዴ እንደሚነሳ መናገር ይጀመራል። ቀንና ሰዓት ግን ማንም አይነግርሽም። በ2017 ፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ሲናጥ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ እየደወለ «መቼ ነው ትልቁ?» ይለኝ ነበር። የማውቀው የት ሊሆን እንደሚችልና ምን ያህል ሊበረታ እንደሚችል ነው። ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ እሱ ይበቃዋል።

ቢሮ ውስጥም ሥራ አለ። መንቀጥቀጥ ሲነሳ መጀመሪያ ፈጣኑ ሞገድ ይደርሳል፤ ዘግይቶ ብርቱው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በስምንት አባዢው፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥሻል። ሃያ ሰከንድ ከሆነ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንቺ በዚያ ማታ በሩ ሥር ቆመሽ መቁጠርሽን ወድጄዋለሁ።

አፋር ላይ ያየሁትን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መሬት ከፈተው፤ በጣም በሰፋበት እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ተራራቀ። ይህ የሆነው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጀማሪ ነበርኩ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ስቆም ጠርዙ ገና ስለታም ነበር፤ አፈሩ ያልደረቀበት ቦታ አለ። ከሥር ትኩስ አየር ይወጣል። ክፍል ውስጥ ሚሊዮን ዓመት ሲባል የሰማሁት ነገር ዓይኔ እያየ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሙያ አላማረኝም።

ስለ ሴትነትሽ፦ መስክ ላይ አብረውኝ ከሠሩት ጠንካራ ከምላቸው ሰዎች ሴቶች አሉ። የሚከብደው ሙቀቱና ድንኳኑ ነው፤ እሱ ለወንዱም ይከብዳል። ከመውጣትሽ በፊት ግን የመኝታውንና የመጸዳጃውን ነገር በግልጽ ጠይቂ። አታፍሪ።

ስለ እንጀራው፦ ፎልት የሚያነብ ሰው ለግድብ፣ ለመንገድ፣ ለእንፋሎት ኃይል ይፈለጋል። ዓባይ በረሃ ላይ ያለው የመሬት መንሸራተት ብቻውን መንገዱን ስንቴ እንዳስቸገረ አጎትሽም ያውቃሉ።

አሁን የጎጃም ልጅነትሽ የሚጠቅምበት። የአገራችን የመንቀጥቀጥ ታሪክ መጀመሪያ በወጉ የተሰበሰበው በፒየር ጉዊን ነው። ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የሆነውን ያገኙት ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ ነው። ግዕዝ የሚያነብና ፎልት የሚያውቅ ሰው በአንድ ላይ እምብዛም አይገኝም። የቅኔ አገር ልጅ ነሽ። ከቻልሽ በዚህ ግቢ።

የቢቸናዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአጎቴ አነበብኩላቸው። «ዓባይን ወንዙ ቆረጠው» የሚለው ላይ ሲደርስ ደግመሽ አንብቢ አሉኝ። አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ግዕዝ በመጠኑ አነባለሁ። ግን ብራና ማን ያሳየኛል?

የዲማ ደቀ መዝሙር፦

እህቴ፣ ብራና ዝም ብሎ አይገለጥም። መጀመሪያ ለአለቃው ንገሪ፤ ደብዳቤም ያዢ። የምትፈልጊው ዋናውን ንባብ አይደለም። ዳርና ዳሩን፣ ከፊትና ከኋላ ባዶ የነበረውን ቅጠል እዪ። የመሬት ውል፣ ስጦታ፣ የረኃብ ዘመን እዚያ ይጻፋል። ዓመቱ ብዙ ጊዜ በቁጥር አይገኝም፤ «በዘመነ ማርቆስ፣ እገሌ በነገሠ በዚህ ዓመት» ነው የሚለው። ባሕረ ሐሳብ (የዘመን ቆጠራ ስሌት) የሚያውቅ መምህር አጠገብሽ ይኑር፤ ያለዚያ አራት ዓመት ሊያዛንፍሽ ይችላል።

የደጀን ልጅ፦

መምህር፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ። የቢቸናዋ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ብራናውን ለኋላ አቆይው፤ ጊዜ ይፈጃል። የጣናን ምዕራብ ዳር በድንገል በር በኩል ውሰጂ። የሳተላይት ምስሉን መጀመሪያ አጥኚ፣ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ሳዪ፣ ከዚያ ውረጂ። አዝመራው ከተነሳ በኋላ ነው የሚሄዱት፤ ሰብልና ሣር ከሸፈነው ምንም አይታይም። በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልከቺ፤ ትንሹ ከፍታ ጥላ የሚጥለው ያኔ ነው። አንድ ደግሞ ተጠንቀቂ። ገበሬው አፈር እንዳይሸረሸርበት የሠራው እርከን ከሩቅ የፎልት ገደል ይመስላል። የማሳውን ባለቤት «ይህን እርከን ማን ሠራው፣ መቼ?» ብለሽ ሳትጠይቂ ካርታሽ ላይ እንዳትሥይው።